ሽማግሌው ያስታረቀው ምድር

ሁለት ዳር ከተማ በየዓመቱ አንድ ጣት ያህል ትሰፋለች። ነዋሪዎቿ ለምደውታል፤ ልብስ ሰፊ ለሚያድግ ልጅ ትርፍ እንደሚተው፣ እዚያም ቧንቧው፣ ገመዱ፣ ሐዲዱ ሁሉ ትርፍ እየተተወለት ይዘረጋል። ምዕራቡ ሰፈር በአንድ ፕሌት፣ ምሥራቁ በሌላው ላይ ተቀምጧል፤ ፕሌት ማለት ከሥሩ ባለው ትኩስ ዓለት ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ግዙፍ የድንጋይ ገበታ ነው። እዚህ አፋር ምድር ላይ ሁለቱ ይራራቃሉ። በመካከላቸው ስንጥቁ አለ፤ ከስንጥቁ በላይ ደግሞ ተለጣጩ ድልድይ።

በምዕራቡ ጣቢያ ሆና ድልድዩን የምትቆጣጠረው ዛህራ ያዮ ናት። የምድሩን እንቅስቃሴ ለመለካት በሁለቱም ዳር የተቀበሩት መሣሪያዎች፣ በከተማው ሰው አጠራር ጆሮዎቹ፣ ወሬያቸው ሲጋጭ የሚያስማማቸው ሽማግሌው የተባለው ኮምፒውተር ነው። ሠሪዎቹ ደግ የሠሩ መስሏቸው፣ ከዚህም ከዚያም እያስተወ መሃል ላይ እንዲያስታርቅ አስተምረውታል።

ያን ጠዋት ወለሉ ከእግሯ ሥር ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ግን “እንቅስቃሴ ዜሮ” ይላል። ዛህራ መቀመጥ አቃታት፤ ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

“አቶ ስንሻው፣ ድልድዩን ከመሃሉ ልፍታው” አለች።

“ሽማግሌው ሰላም ነው እያለ?” አለ አለቃዋ። “ባለፈው ወርም በከንቱ ፈትተሽ ከተማውን አስቁመሻል። ብትደግሚው ከሥራ ትባረሪያለሽ፤ እኔም አላድንሽም።”

እሷ ግን ያደገችው በዳጉ ነው። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያጎድል ይነጋገራል፤ ወሬም ከባለቤቱ አፍ ይሰማል። ሽማግሌውን አለፈችውና ጆሮዎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች። የምዕራቡ ከንጋት ጀምሮ አንድ ክንድ ወደ ምዕራብ መሄዱን ነገራት። የምሥራቁ ደግሞ አንድ ክንድ ወደ ምሥራቅ። ሽማግሌው አንዱን በአንዱ አጣፍቶ ዜሮ አድርጎታል! ድልድዩ የሚለጠጠው ሁለት ክንድ ብቻ ነው፤ ጨርሶታል።

ባቡር ነጂው ባሏ ሐንፈሬ ዘጠና ሰው ጭኖ ከምሥራቅ እየመጣ ነበር። ሬዲዮውን አነሳች።

“ሐንፈሬ፣ አቁም! ባቡሩን መልሰው!”

“ምነው፣ ገና በጠዋቱ ናፈቅኩሽ?”

“ወላሂ ቀልድ አይደለም! መልስ!”

ባቡሩ የድልድዩን ጫፍ ሊረግጥ ትንሽ ሲቀረው ቆመና ወደ ኋላ ተመለሰ። ድልድዩ ካልተፈታ በየዳሩ ያሉትን ሁለቱንም ጣቢያዎች ይዞ ስንጥቁ ውስጥ ይወርዳል። ስንሻው እየጮኸባት ማንሻውን ሳበችው። ድልድዩ መሃሉ ላይ ተላቆ ወደየዳሩ ታጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ምድር አጓራች፤ ስንጥቁ ተከፈተ፣ ትኩስ እንፋሎት ፈነዳ።

አቧራው ሲረግብ በሬዲዮ ጠራችው። “ደህና ናችሁ?”

“ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተ ግን ርቃችሁ ሄዳችሁብን። እኛ ንቅንቅ አላልንም።”

ከጀርባው ተሳፋሪዎቹ “እነሱ ናቸው የሄዱት!” ሲሉ ይሰማል። እዚህም መስኮቱ ላይ የተደረደሩት ሠራተኞች፣ ስንሻው ጭምር፣ ማዶውን እያመለከቱ ያንኑ ይላሉ።

የሁለቱ ዳር ጆሮዎች ቁጥር ከፊቷ በርቷል፤ ሁለቱም ዳር እኩል ሄዷል። ዛህራ እንባዋን ጠረገች፤ ሬዲዮውንም ወደ አፏ አስጠጋች።

“ኧረ እናንተ ናችሁ” አለች። “እኛማ ያለንበት ነን።”