ቀድማኝ የመለሰችው የገደል ማሚቶ

እኔ ጠንቋይ ቤት ረግጬ አላውቅም፣ ጋኔን አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝም ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ስለዚህ ይህን የሚነግርህ ሰው ማን እንደሆነ አስቀድመህ እወቅልኝ። ከበሮ መምታት ማንም አላስተማረኝም፣ በልጅነቴ ሠርግ ቤት ጥግ ቆሜ በጆሮዬ ብቻ ነው የለቀምኩት፣ ዛሬ በጎንደር ዙሪያ እኔ ያልመታሁበት ሠርግ አይሞቅም ቢሉህ እመን። ሰዓትም አስሬ አላውቅም። ምት የገባው ሰው ጊዜን በእጁ ይዞ ነው የሚዞረው፣ ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ሩብ ሰዓት ሞላ ስል፣ ስልካቸውን አውጥተው የሚያመሳክሩ ሁሉ አፋቸውን ይይዛሉ።

ባለፈው ሚያዝያ ዛሪማ ለሠርግ ተጠርቼ ከጎረቤቴ ከሰይድ ጋር ሄድኩ። ሰይድ ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ እቃውን ወደ ዛሪማ ገበያ ይወስድ ነበር፣ ሸጋ ሰው ነው፣ ግን ከበሮ ይቅርና ጭብጨባ እንኳ አይገጥምለትም። ሊማሊሞን መውረድ እንደጀመርን የማኪናው ጎማ ፈነዳ። እኩለ ቀን ነው፣ ነገር ግን ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ምንም አይታይም። ሾፌሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብኛል አለ። ሰይድም፣ "አያ ተገኘ፣ በል ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ አንተ ትነግረናለህ" ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ፣ እኔም ከበሮዬን አንግቼ ወደ ጠርዙ ተጠጋሁና መታሁ።

የገደል ማሚቶ መለሰችልኝ፣ ይሄ ያለ ነው። ከጥቂት ምት በኋላ ግን አንድ ነገር ጆሮዬን ኮሰኮሰው፣ ማሚቶ ከኋላ ነው የምትመጣው፣ ይቺ ግን እየደረሰችብኝ መጣች፣ መጀመሪያ ከእጄ እኩል፣ ቀጥሎ፣ እመነኝ፣ እጄ ቆዳውን ሳይነካ። የጠረጠርኩት ሰው ነው፣ ከማዶ አንዱ ከበሮ መቺ ይቀልድብኛል፣ ምናልባትም የሰይድ ሥራ ነው አልኩ፣ ዞሬ ሳየው ግን እሱም አንገቱን አስግጎ ወደ ጉሙ ያዳምጣል። እስቲ ልፈትን ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ወደ ፈጣኑ ምት ለመቀየር በልቤ ቆረጥኩ። ቀድማኝ ቀየረች።

እጄን አነሳሁ። ከማዶ ያለው ምት አልቆመም። አሁን የሚመታው የእኔን የሙሽራ መሸኛ ነው፣ መጨረሻው ላይ በቀኝ እጄ የምጨምራት ድርብ ምት እንኳ አልቀረችም፣ ያቺን እኔ ነኝ የፈጠርኳት፣ ሌላ ሰው ሲመታት ሰምቼ አላውቅም። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ግራው ዘገየ፣ ግራ እጅ ሰፊውን ፊት ስለሚመታ ድምፁ ወፍራም ነው፣ አይጠፋኝም። ደግሞ ዘገየ። ከዚያ መሃል ላይ ቆመ።

"እጅህን አንስተሃል እኮ፣ አያ" አለኝ ሰይድ ቀስ ብሎ።

"አንስቻለሁ።"

"ታዲያ የሚመታው ማን ነበር?"

ከበሮዬን ወደ ጀርባዬ አዙሬ ወደ ማኪናው ሄድኩ፣ እሱ እዚያው ጠርዙ ላይ ትንሽ ቆይቶ ተከተለኝ። በእኔ ቆጠራ ግማሽ ሰዓቱ አልፏል፣ ሾፌሩ ግን ገና ሁለተኛውን ቡሎን እየፈታ ነው፣ ሰይድ ስልኩን ሲያይ አራት ደቂቃ ብቻ። ዕድሜዬን ሙሉ ጊዜ ሲያመልጠኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጎንደር ስመለስ ለአንድ የአቋቋም መምህር ነገርኩት፣ ተማሪዎቹን በከበሮና በጸናጽል የሚያለማምድ አዋቂ ነው። ምት የለመደ ጆሮ የሚቀጥለውን ሳይመታ ይሰማዋል፣ ልብ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ ጊዜው ይለጠጥበታል አለኝ። ሸጋ መልስ ነው፣ እኔም ትምህርት ቤት ሳልገባ የማውቀው ነው፣ ግን ማጨብጨብ ያቃተው ሰይድስ በማን ጆሮ ሰማ?

በዚህ እሁድ የልጄ ልጅ ታገባለች፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በአያቴ ከበሮ ካልሆነ አልሸኝም ስትል ኖራለች። ባለፈው ሳምንት እሷው ፊት ልሞክረው ብዬ መሸኛውን ጀመርኩ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ግራ እጄ ዘገየች። ብርድ ነው፣ ጎንደር በጥር ይበርዳል። ደግሞ ዘገየች። ያን ጊዜ መሃል ላይ አቆምኩ፣ ማንም አላስቆመኝም፣ ራሴ ነኝ ያቆምኩት። "አባባ፣ ምነው ተውከው?" አለችኝ። ማንገቻው ላልቷል አልኳት።

በማግስቱ ሰይድን ሱቁ ሄጄ ያዝኩት፣ ያን ቀን ምቱ ከቆመ በኋላ እኔ ወደ ማኪናው ስመለስ ከኋላ ቀርተህ ምን ሰማህ አልኩት። ጨርቁን ማጠፉን ቀጠለ።

"ሠርጉ ይለፍ፣ አያ፣ እነግርሃለሁ።"

ደስ የሚል ነገር ቢሆን ኖሮ እዚያው ሊማሊሞ ላይ በነገረኝ ነበር። እሁድ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፣ እኔም ከበሮዬን አንግቼ እገባለሁ፣ መቅረት የለም፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ስደርስ ግን የማየው ሙሽራዋን አይደለም፣ የሰይድን ፊት ነው።