ምንም ያልበቀለባት ሳህን

ሲና ሁለተኛዋን የሙከራ ሳህን ለሦስተኛ ጊዜ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየቻት። ምንም የለም። የእንጀራ ሊጥ የቀባችባት የመጀመሪያዋ ሳህን በነጫጭ ነጠብጣቦች ተሞልታለች፤ እያንዳንዷ ነጠብጣብ በባክቴሪያ የታጨቀች ናት። የተጋገረ እንጀራ የነካችባት ሁለተኛዋ ግን ልክ እንደተገዛች ንጹሕ ናት።

ባክቴሪያዎቹ ምጣዱ ላይ አልቀዋል ማለት ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርቱ በኮምፒውተር ስለሆነ ሙከራውን የሠራችው እቤት፣ ፍሪጁ አናት ላይ ነበር። ለአስተማሪዋ ደህና ውጤት ነው። ሲና ግን «ጉዴ ፈላ!» አለች።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። እዚሁ አሜሪካ፣ ክሊንተንቪል በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት የእናቷ ወዳጅ እትዬ ዓለምወርቅ የአንጀት ቁስለት አለባቸው። ሲና ደግሞ ያነበበችውን ሳትናገር ማደር አትችልም። ጥሩ ባክቴሪያዎች የአንጀትን ግድግዳ የሸፈኑት ሴሎች ተያይዘው እንዲቆሙ፣ ጎጂ ነገርም በመካከላቸው ሾልኮ እንዳያልፍ እንደሚረዱ አስረዳቻቸው።

«እርጎ ውስጥ ሞልተዋል» አለቻቸው።

«በጾም እርጎ? ወይ አንቺ ልጅ!»

ሲና መላ አላጣችም። «እንግዲያው እንጀራ ይብሉ! ሊጡ የሚቦካው እኮ በባክቴሪያ ነው።»

እትዬ ዓለምወርቅ መረቋት። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ፊት «ዶክተሬ» ይሏታል፤ ሲናም ስሙን ወዳው ነበር።

ትናንት ግን እናቷ በስልክ ስታወራቸው ሰማች። እትዬ ዓለምወርቅ ሐኪም ያዘዘላቸውን የጠዋት ክኒን ትተውታል። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። እንጀራው ካለ ክኒኑ ምን ያደርጋል ብለዋል።

«እማዬ፣ ልንገራቸው» አለች ሲና፣ ሳህኖቹን ለእናቷ እያሳየች።

እናቷ ፀሐይወርቅ ፊቷን አጨማደደች። «ስንት ሰው ፊት አመስግነውሽ? ደህና ነኝ ብለዋል እኮ። ፋሲካ ይለፍና ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ማም፣ ሲሪየስሊ? ፋሲካ ገና ስድስት ሳምንት ይቀረዋል!»

ሲና አፍራለች፤ ጆሮዋ ድረስ ግሏታል። ሳህኗን ቆሻሻ ውስጥ ብትጥላት ከእናቷ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቷም አትናገርም። ሲና ሁለቱንም ሳህኖች በከረጢት አድርጋ ጫማዋን አጠለቀች።

«ካላደረስሽኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች።

እናቷ የመኪናውን ቁልፍ አነሣች።

እትዬ ዓለምወርቅ ጭምብላቸውን እያስተካከሉ በር ከፈቱ። «ዶክተሬ!» አሉ። ዓይናቸው ጎድጉዷል።

ሲና ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «እትዬ፣ ያልኩዎት ስሕተት ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲጋገሩ ይሞታሉ፣ ይኸው። ባይሞቱም እንኳ የክኒኑን ቦታ አይተኩም። ሳላጣራ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ ዓለምወርቅ ባዶዋን ሳህን ተቀብለው አገላብጠው አዩአት።

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ አወራሁ» አሉ።

«እሑድ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

መኪናው ውስጥ ወደቀረችው ፀሐይወርቅ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከትናንት ወዲያ ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አየሁ። ለእናትሽ አልነገርኳትም።»

ሲናን ማልቀስ አማራት። ስልኳን አወጣች።

«የሐኪምዎን ቁጥር ይስጡኝ። አሁኑኑ ኮል አደርጋለሁ። እንግሊዝኛውን እኔ አስተረጉማለሁ።»

«ምን ልትያቸው?»

«እርስዎ የሚሉኝን» አለች ሲና። «ከራሴ አንድ ቃል አልጨምርም።»