ከፌርማታው እስከ ቤት

«ይህችን ቀይ መስመር አጥፊያት» አለ የሲንቄ አባት ጀቤሳ፣ ጣቱን ካርታው ላይ አሳርፎ።

ሲንቄ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አላጠፋም፣ አባ። ለክቼ ነው የሳልኩት።»

ሰፈራቸው ከአምቦ መሃል ከተማ ራቅ ያለ ነው። ነዋሪው ሚኒባስ በአቅራቢያው እንዲቆምለት ሲጠይቅ ኖሮ፣ ዘንድሮ ጉዳዩ ለቀበሌው ስብሰባ ቀረበ። የጂኦግራፊ መምህሯ ቦጂያ ዘጠነኛ ክፍሎችን፣ «ሰው ከቤቱ ወጥቶ በእግሩ በሰላም ካልደረሰበት፣ ፌርማታ ብቻውን ምን ያደርጋል?» ብለው ለስብሰባው የሚቀርብ ካርታ እንዲሠሩ መንገዱን አስለኳቸው። ሲንቄና ጓደኛዋ ሌንጮ ሜትር ይዘው ሦስት ቀን ዞሩ። እግረኛ መሄጃ የሚያጣበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አሰመሩ። ረጅሙ መስመር ያረፈው ግን ጀቤሳ የሕንፃ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ፊት ለፊት ነበር። ፌሮው፣ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው የእግረኛውን መንገድ ሞልቶታል።

«ዕቃው ውጭ ካልታየ ማን ይገዛኛል?» አለ ጀቤሳ። «የምትበዪው ከዚያ ነው።»

«ኦቦ ነገራስ?»

ኦቦ ነገራ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ሲንቄና ሌንጮ እየለኩ ሳሉ ምርኩዛቸው ፌሮው ላይ አረፈና ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ባጃጅ ክንዳቸውን መትቶ ጣላቸው። ሲንቄ ደግፋ ስታነሳቸው «ምንም አይደል ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» አሏት። እሷን ያንገበገባት ይሄ ነበር፤ መልመዳቸው።

ጀቤሳ «በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» ብሏት ወጣ።

በስብሰባው ቀን ሌንጮ ካርታውን ግድግዳው ላይ እየለጠፈ፣ «ቀዩን ዝለዪው። ፋዘርሽ ይጦፋል!» ሲል አንሾካሾከላት። ጀቤሳ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲንቄ ከታሰበው ፌርማታ ጀመረች። ክዳን የሌለውን ቦይ አሳየች፣ ጭቃውን አሳየች፣ ከዚያ ቀዩ መስመር ላይ ደረሰች።

«እዚህ ጋ ሃያ ሁለት ሜትር ሙሉ መሄጃ የለም። ሰው መኪና መሃል ይገባል።»

«የማን መደብር ነው?» አለ አንድ ሰው።

«የአባቴ።»

ከኋላ ወንበር ሲገፋ ሰማች፤ ጀቤሳ ተነስቶ ወጣ።

በመጨረሻ «መንገዱ ከጸዳ ሚኒባሱ ይቆማል» ተባለ። ሰው አጨበጨበ። ሲንቄ ሌንጮን እንኳን ሳትጠብቅ በቀጥታ ወደ መደብሩ ሄደች። አባቷ በሩ ላይ ቆሟል።

«ገሊ! ቤት ግቢ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

አልሄደችም። ቦርሳዋን አውርዳ ከተከመረው ላይ አንድ ቆርቆሮ ሳበች። ጠርዙ መዳፏን ቢቆርጣትም አልለቀቀችውም፤ እየጎተተች ወደ ውስጥ አስገባችውና ለሁለተኛው ተመለሰች። መንገደኛው ቆም እያለ ያያት ጀመር። ጀቤሳ አላገዛትም፤ አልከለከላትምም።

«ነገ ጠዋት መልሼ አወጣዋለሁ» አላት።

ሲንቄ ላቧን በክንዷ ጠረገች። «እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አስገባዋለሁ» አለችና ሦስተኛውን ቆርቆሮ ያዘች።