ፊልሙ ውስጥ የሌለው ንግግር

«...የፊልሙ ጀግና ኬል የብረቱን በር በትከሻው ደግፎ ይዞ እህቱን ምን ቢላት ጥሩ ነው?» አለች ኡርጂ፣ ማይኩን በሁለት እጇ ጨብጣ። «‹ሂጂ፣ ሚራ። በሩን የያዝኩት እንድትመለሺ ብዬ አይደለም፤ እስክትርቂ ድረስ ጀርባሽን ላይሽ ብዬ ነው› አላት።»

ከኋላ አንዲት ልጅ «ውይ አንጀቴን!» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ።

ከተቃራኒው ጠረጴዛ የተቀመጠችው ሃሌሉያ ግን አላጨበጨበችም። ንግግሩን ታውቀዋለች። ማወቅ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የፈጠረችው እሷ ናት። ከሁለት ወር በፊት፣ ጨለለቂ ሰፈር እነኡርጂ ቤት፣ አልጋ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ የሰው ኦቾሎኒ እየጨረሰች ነበር የፈጠረችው።

ቀኑ አርብ ነው፤ የአማርኛ ክበብ የክርክር ቀን። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ «የቪዲዮ ጌም ፊልም ቢሠራበት ያምራል ወይስ አያምርም?» የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ተክለጻድቅ ርዕሱን ሲሰሙ ፊታቸው የኮሶ መድኃኒት የዋጠ ሰው ፊት መስሎ ነበር። ቢሆንም ባለፈው «ከተማ ይሻላል ወይስ ገጠር» በሚለው ላይ የአዳራሹ ግማሽ እንቅልፍ ስለወሰደው እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። የሚያሸንፈው ቡድን መሪ ቢላ ከተማ ሄዶ ከዚያ ትምህርት ቤት ክበብ ጋር ይከራከራል። የ«ያምራል» ቡድን መሪ ኡርጂ ናት። የ«አያምርም» ደግሞ ጓደኛዋ ሃሌሉያ።

ሃሌሉያ ቀድማ ተናግራ አዳራሹን በሳቅ አፍርሳዋለች።

«ጌም ላይ የምትሮጠው አንተ ነህ» ብላ ነበር። «ፊልም ላይ ግን ሌላ ሰው ይሮጥልሃል። አንጀትህ ታጥፎ ምግብ ቤት ገብተህ፣ ጎንህ ያለው ሰውዬ ክትፎ ሲበላ ቁጭ ብሎ እንደማየት ነው! ደግሞ ከጌም የተሠራውን ፊልም፣ አይረን ፎክስን ውሰዱ። ኬል የተባለው ሰውዬ የቀበሮ ጭንብል አጥልቋል፤ ጺሙ በታች በኩል ብቅ ብሏል። ቀበሮ ጺም አለው እንዴ? እዚህ ውስጥ ይሄን ቀሽም ፊልም እስከ መጨረሻው ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ፤ እናጽናናው።»

ከአንድ ሰው በቀር ማንም እጁን አላወጣም። ሃሌሉያም አላወጣችም። እሷ ፊልሙን አሥራ አንድ ጊዜ አይታዋለች። ስልኳ ላይ «ባዮሎጂ ኖት» በሚል ስም ደብቃ ነው ያስቀመጠችው።

እጇን ያወጣችው ኡርጂ ብቻ ነበረች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች፣ ተራዋ ሲደርስ። ቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛው መድረክ ላይ ትንሽ ይይዛታል፤ ግን አትፈራም። «ጌሙንም ተጫውቻለሁ። ጌሙ ላይ ሚራን ዘጠኝ ጊዜ ገድያታለሁ። ገደል ከትቻታለሁ፣ ባቡር አስገጭቻታለሁ። ‹እንደገና ጀምር› የሚለውን ነክቼ መቀጠል ነው፤ ምንም አልመሰለኝም። ፊልሙ ላይ ግን አንዴ ብቻ ሄደች። አንዴ! ሁለት ቀን አለቀስኩ።» ቀጥላ ነበር ያንን ንግግር የተናገረችው።

ጭብጨባው ገና ሳይበርድ የሃሌሉያ ቡድን ሁለተኛ ተናጋሪ ጂሩ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ ተቃውሞ አለኝ! ፊልሙ ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። አምስቴ አይቼዋለሁ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጂሩ ጆሮው ቀላ። «ማለት... ለወንድሜ ብዬ ነው ያየሁት።»

«ጸጥታ!» ቲቸር ተክለጻድቅ ጠረጴዛውን መቱ። «ኡርጂ፣ ያልሽው ነገር ፊልሙ ውስጥ አለ?»

«አለ፣ ቲቸር። በዓይኔ አይቼ፣ በጆሮዬ ሰምቼ!»

«እንግዲህ ደንቡን ታውቃላችሁ። የሌለ ማስረጃ ፈጥሮ ያቀረበ ዓመቱን ሙሉ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ቡድኑም ይሸነፋል። ሰኞ ፊልሙ እዚሁ ይከፈታል። ጂሩ፣ አንተ አምጣ፤ መቼም ከወንድምህ አታጣውም።»

ከትምህርት ቤት ሲወጡ እያካፋ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች አንድ ጃኬት በራሳቸው ላይ ዘርግተው ባጃጆቹ የሚረጩትን ጭቃ እየሸሹ ወረዱ።

«ሙድ ያዙብኝ» አለች ኡርጂ። «ሰኞ ግን ያፍራታል፣ ያ ጂሩ። አይደል ሃሌ?»

ሃሌሉያ ጃኬቱን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

«ሃሌ! አንቺ አይደለሽ የተረጎምሽልኝ? አለ አይደል?»

የዚያን ቀን ነገሩ እንዲህ ነበር። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፤ ያዩት ቅጂ ደግሞ ከሥር ጽሑፍ የለውም። የኡርጂ እናት ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ሃሌ እኮ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው» እያሉ ስለሚያወሩላት፣ ሃሌሉያ ተርጓሚ ሆነች። የገባትን ተረጎመች፤ ያልገባትን ሞላችው። መጀመሪያ ቃል፣ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገር፣ ኋላ ኋላማ ሰውዬው አፉን በከፈተ ቁጥር እሷ ደስ ያላትን ታናግረው ጀመር። በሩ ጋ ሲደርሱ ሙዚቃው ከፍ አለ፤ ሰውዬው የሆነ ነገር አጉረመረመ። ኡርጂ ክንዷን ይዛ «ማሎ ሃሌ፣ ማሎ፣ ምን አላት?» ብላ ለመነቻት። ለሃሌሉያ «አልገባኝም» ማለት ሞት መሰላት። አንድ ነገር አለች። ያማረ ነገር።

ኡርጂ አለቀሰች። የኡርጂ ታላቅ ወንድም ጋሮማ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ማንንም ሳይሰናበት አዳማ ከገባ አራት ወር ሆኖት ነበር። በነጋታው ኡርጂ ያንን ንግግር ወደ ኦሮምኛ መልሳ በስልክ ጽፋ ላከችለት። ማታውኑ ደወለ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሁድ ይደውላል። ከዚህ በኋላ ሃሌሉያ በየት አፏ «ያ ነገር እኮ ውሸት ነበር» ትበል?

«አለ» አለች አሁን፣ ጃኬቱ ሥር። ይባስ ብላም ጨመረችበት። «ጂሩ ያየው የተቆረጠውን ይሆናል። የኛ ሙሉው ነው።»

«ዱጋዳ? እውነትሽን ነው?» ኡርጂ ጭቃው ላይ ዘለለች። «አቦ ይመችሽ! ነፍሴን መለስሽልኝ!»

ቅዳሜ ሃሌሉያ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ካለው የአባቷ ሱቅ በሰበብ ወጥታ ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ኡራኤል ጋ ሄደች።

«አይረን ፎክስ አለ? ከሥር ጽሑፍ ያለው።»

«ለራስሽ ነው?»

«ለታናሽ ወንድሜ።»

«የዚህ ከተማ ታናሽ ወንድሞች ይሄን ፊልም እንዴት እንደሚወዱት!» አለ ኡራኤል ፍላሹን እየሰካ። «አንድ እንኳ ራሱ መጥቶ የገዛ የለም።»

ሃሌሉያ ታናሽ ወንድም የላትም።

ወደ አባቷ ሱቅ ተመልሳ ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ተቀምጣ ሙሉውን ፊልም ዘላ በሩ ጋ ደረሰች። ምናልባት፣ ምናልባት የሚመሳሰል ነገር ብሎ ይሆናል። ሙዚቃው ከፍ አለ። ሰውዬው በሩን ደገፈ። ቀስ ብላ ጽሑፉን ፈታችው። «በር ሰባት ሊዘጋ ነው። ነዳጅ አልቋል። ፍጠኚ።»

ሳቅ አመለጣት። ነዳጅ አልቋል! አንዲት ደንበኛ «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል? ስኳር አይመዘንም እንዴ?» እስክትላት ሳቀች። ስኳሩን መዘነች። ሳቁ የት እንደገባ አላወቀችም። ኡርጂ ለነዳጅ አልቅሳለች። ጋሮማም የደወለው በነዳጅ ምክንያት ነው። አይ፣ በነዳጅ እንኳ አይደለም፤ በሃሌሉያ ጉራ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኡርጂ ደወለች። «ለጋሮማ ስለ ክርክሩ ነገርኩት። ‹ፊልሙን ላኪልኝ፣ እኔም ልየው፤ እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ አንቺን አስባለሁ› አለኝ። ሃሌ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ» አለች ሃሌሉያ።

አንዱ ልቧ እንዲህ ይላታል፦ ዝም በይ። ፊልሙ ይከፈታል፣ ኡርጂ ትሳሳታለች፣ ሰው ይስታል፤ ያን ያህል ምን አለ? ቢላም የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሌላው ልቧ ምንም አይላትም፤ ዝም ብሎ ያያታል። የባሰው ይሄኛው ነው።

ሰኞ ከሰልፍ በፊት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ኡርጂ ጸጉሯን አዲስ ተሠርታ፣ መጽሐፏን አቅፋ፣ እየሳቀች መጣች። «አካም፣ እንዴት አደርሽ ተሸናፊዋ!»

«ኡርጂ፣ አትሳቂ። ያ ንግግር... ፊልሙ ውስጥ የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር፤ ያንን ለማለት አፈርኩ።»

የኡርጂ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ቀልድ መስሏት ጥቂት ጠበቀ። «አርብ ጠየቅሁሽ እኮ» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አለ አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ለጋሮማ የላክሁለትስ?»

«እሱም የኔ ነው።»

ኡርጂ አልተሳደበችም። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ደወሉ ሲደወል መጽሐፏን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና ከሰልፉ መጨረሻ ብቻዋን ቆመች።

አዳራሹ ከአርቡ ይበልጥ ሞልቷል። ጂሩ ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘ። በሩ፣ ጭንብሉ፣ ከጭንብሉ ሥር ጺሙ። ሙዚቃው ከፍ አለ። ቲቸር ተክለጻድቅ ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «በር ሰባት ሊዘጋ ነው። ነዳጅ... አልቋል።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አንዱ ከኋላ «ነዳጅ አልቋል፣ ጀርባሽን ላየው!» ብሎ ጮኸ።

«ኡርጂ፣» አሉ ቲቸር ሳቁ ሲበርድ፣ «አርብ ያልሽው ከየት የመጣ ነው?»

ኡርጂ ተነሳች። አሁን ስሜን ትጠራለች አለች ሃሌሉያ በልቧ። ትጥራው። ጠርታው ይውጣልኝ።

«እንግሊዝኛው ስላልገባኝ...» አለች ኡርጂ ወለሉን እያየች፣ «ከራሴ ጨመርኩበት። እኔ ነኝ።»

ሃሌሉያን አላየቻትም። አንዴም ቀና ብላ አላየቻትም።

ጂሩ ከጠረጴዛው ሥር የሃሌሉያን ጉልበት በጉልበቱ ገጨት አደረገ። «ቢላ ገባሽ በይ!» አለ በሹክሹክታ። ቲቸር ተክለጻድቅ መዝገባቸውን ገልጠው እስክሪብቶ ፈለጉ፤ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ አጡት። የፊት ረድፍ ልጆች እስክሪብቶ ሊያቀብሏቸው ተሻሙ። ኡርጂ አሁንም እንደቆመች ናት፤ ተቀመጪ ያላት የለም።

ሃሌሉያ ብድግ አለች።

«ሃሌሉያ፣ አሸንፋችኋል እኮ» አሉ ቲቸር፣ አንድ እስክሪብቶ እየተቀበሉ። «ተቀመጪ።»

ለዚህኛው የሚሆን ያማረ ነገር አልመጣላትም።

«ቲቸር፣ አይጻፉ» አለች። «እሷ አይደለችም።»