ሁለት ጊዜ የተሰማ እሺታ

የአባቷን ነገር ካላወቃችሁ የልጅቷ ጭንቀት አይገባችሁም። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። መጀመሪያ ቁም ሳጥን የሚያክለውን፣ ቀጥሎ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን፣ ኋላም ባለ ካሴቱን እየፈቱና እየገጠሙ ልጅ አሳደጉበት። ሬዲዮ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን የሚፈታ ብሎን ጠፋ። ሱቁ ተዘጋ። ያ ቁም ሳጥን የሚያክለው ሬዲዮ ሳሎን ገባ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።

ልጃቸው በሬዲዮ የከሰዓቱ ፕሮግራም አቅራቢ ስትሆን ኩራታቸው ለጉድ ነበር። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የወደደችው የጣቢያውን ቴክኒሻን ሆነ፤ ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» የሚሉትን። ጣቢያውን በኢንተርኔት አድርጎ ስልክ ላይ የጫነው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

«ሬዲዮን ስልክ ውስጥ የቀበረ ሰው በዚህ በር አይገባም» አሉ አባቷ፣ ገና ስሙን ስታነሳ።

«አባዬ፣ እሱ ባይጭነው ሌላው ይጭነዋል እኮ።»

«እንግዲያው ሌላውም አይገባም።»

ቃላቸውን መርገጥ አትችልም። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሽቦም ቢሆን አፍ የለውም። በየቀኑ ስቱዲዮ ይገባል፣ ደህናውን ገመድ ይፈትሻል፣ ውሃ እያላት ሌላ ውሃ ያመጣላታል፣ ይወጣል። ጠብቃ ጠብቃ ሰለቻት።

ያን ዕለት ዘፈን ለቀቀችና፣ ማለቂያው ሲቃረብ እንደ ልማዷ ቀድማ ማይኩን ከፈተች። ማይክ ሲከፈት የክፍሉ ድምፅ ማጉያ ራሱ ጸጥ ይላል፤ ዘፈኑን የምትከታተለው በጆሮ ማዳመጫዋ ነው። በዚህ መሃል ሽቦ ገባ። ፊቱ ልክ አልነበረም። ማዳመጫዋን አወለቀች።

«ምን ሆነሃል?»

«የምነግርሽ አለኝ።»

«ዘፈኑ ሊያልቅ ነው እኮ።»

ከስልኩ ጋር የተያያዘውን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ነካ አደረገ። «ገና ነው፣ እየሰማሁት ነው።»

ስልክ ላይ ድምፁ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ እንደሚደርስ ከሱ በላይ የሚያውቅ በጣቢያው የለም። ግን ፍቅር ያወቁትን ያስረሳል። እሷስ ብትሆን፣ ማይክ ክፍት ሲሆን ግድግዳው ላይ የሚበራው ቀይ መብራት ከጀርባው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ከሱ አልፋ የምታይበት ዓይን ከየት ታምጣ።

«እወድሻለሁ» አለ። «አባትሽን እፈራቸዋለሁ። ግን በራቸው ላይ ብወድቅም ካንቺ አልቀርም። ታገቢኛለሽ?»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። እንባዋ መጣ። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጆሮውን ይዞ። «ስልኩ ውስጥ የሚያወራው… እኔው ነኝ።»

በትከሻው ላይ አሻግራ ቀዩን መብራት አየች። ወዲያው የስቱዲዮው ስልክ ብልጭ ብልጭ አለ፤ አነሳችው።

«ሰማሁ» አሉ አባቷ።

«አባዬ፣ ይቅርታ…»

«ጎረቤታችን ስልኳን ይዛ እዚህ ተቀምጣለች። እኔ ሰምቼ፣ ተቆጥቼ፣ ደውዬልሽ፣ እሷ ገና አሁን እየሰማች ነው።» ሳቃቸው ሊያፍናቸው ደረሰ። «አሮጌ ዕቃ ስትሉት የኖራችሁት ሬዲዮዬ ቀደመ።»

«አሁንም ተቆጥተዋል?»

«በራቸው ላይ ብወድቅም ሲል ቁጣዬ በረደ። ይልቅ ማይኩን አልዘጋሽም። ሕዝቡ መልስ እየጠበቀ ነው፤ እኔም እየጠበቅሁ ነው።»

«እዚሁ አየር ላይ?»

«እሱስ የት ጠየቀሽ?»

ስልኩን አስቀመጠችና ወደ ማይኩ ጠጋ አለች። ስንቱን ዜና ሳይነቀነቅ ያነበበው ድምጿ ተንቀጠቀጠ።

«እሺ» አለች። «አገባሃለሁ።»

ከዚያ ማይኩን ዘግታ ሌላ ዘፈን ለቀቀች። ሽቦ ሊያቅፋት የመጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን እጁን ዘርግቶ «ቆይ፣ ቆይ» አላት።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንክ?»

አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ በእሷ ጆሮ ላይ ሰካላት። ጉንጭ ለጉንጭ ቆመው ጠበቁ። መጀመሪያ «እዚሁ አየር ላይ?» የሚለው የራሷ ድንጋጤ መጣ፤ ቀጥሎ፣ «እሺ። አገባሃለሁ።»

«ይኸው» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ስልክ ሁለት ጊዜ ያሰማል። ይህን ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ።»

«ተው» አለችው። «መጀመሪያ በበራቸው ግባ።»