የተዘለለው ሠንጠረዥ

ሽታዬ ፎቶኮፒውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ለሦስተኛ ጊዜ ገለጠችው። ጥግ ጥጉ ታጥፏል፤ በቀይ እስክሪብቶ ያልተሰመረበት መስመር የለም ማለት ይቻላል።

«የቃል ፈተናው ላይ የሚያሰጉ ምልክቶችን ዘርዝሪ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ፤ ነው ያሉኝ» አለች። «ድርቅ ብዬ ቀረሁ፣ ፅጌ። ይኼን እኮ በቃሌ ይዤው ነበር።»

ሳያት ለእንግዳዋ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

እናቷ ፅጌ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ ሽታዬ እዚያው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሁለቱም ቅዳሜና እሁድ በአንድ የግል ኮሌጅ አዋላጅነት ይማራሉ። መጽሐፋቸው ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ ነው። መምህራቸው ጋሽ ብርሃኑ «መገልበጥም፣ መተርጎምም፣ ማከፋፈልም ተፈቅዷል፤ ግዴታው ማን እንዳዘጋጀውና እናንተ ምን እንደቀየራችሁ መጻፍ ብቻ ነው» ብለዋቸዋል። እንግሊዝኛው ቢከብዳቸው፣ የአሥረኛ ክፍሏ ሳያት ክረምቱን ሙሉ በስልኳ እየተረጎመች፣ እያስተካከለች ሰባት ምዕራፍ ጨረሰች። ጎበዝ ተባለች፤ እሷም አመነች።

ምዕራፍ ስድስት ላይ የሚያሰጉ ምልክቶቹ የተዘረዘሩበት አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ፎቶ ስለሆነ ኮፒ አይደረግም፤ እያነበቡ በእጅ መጻፍ ይጠይቃል። የዚያን ቀን ጓደኞቿ ሐይቅ ዳር ሆነው ደጋግመው ይደውሉላት ነበር። «ፎቶውን ማን ያየዋል» ብላ ዘለለችው። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። «ከታች ያለውን ሠንጠረዥ ተመልከቱ» የሚለውን ዓረፍተ ነገርም አጠፋችው፣ ክፍተቱ እንዳይታወቅባት።

«ለእኔ ሌላ ጥያቄ ነው የደረሰኝ» አለች ፅጌ። «ግን መጽሐፉ ላይ ከሌለ ከየት አምጥተሽ ትመልሻለሽ?»

«ክፍል ውስጥ ተናግረውት ይሆናል፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። አዳር ሠርቼ ስመጣ እንቅልፍ ይጥለኛል።» ሽታዬ ወደ ሳያት ዞራ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «አንቺማ ጌታ ይባርክሽ፣ የኔ ልጅ። ባንቺ ነው እዚህ የደረስነው።»

ሳያት «አሜን» ማለት አቃታት። ውኃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

መጀመሪያ ያደረገችው ራሷ የለጠፈችውን ፋይል ከእናቷ ክፍል የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማጥፋት ነበር። ጠፋ። ቀጥላ ርዕሱን ስትፈልገው ሌላ ቻናል ላይ አገኘችው፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አይቶታል። የቻናሉን ባለቤት አታውቀውም። ጻፈችለት፤ አልመለሰም።

በባጃጅ ተሳፍራ አውቶብስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሄደች። ባለቤቱ እዮኤል ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ይሞላል።

«የአዋላጆቹ መጽሐፍ ስህተት አለበት። አታባዛው፣ እባክህ።»

«እሺ፣ ከአሁን በኋላ አላወጣም» አለ። «የወጣውን ግን ከየት ልሰብስብልሽ፣ እናቴ? ከይርጋለም መጥተው ወስደዋል፣ ከአለታ ወንዶም ወስደዋል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሃያ ኮፒ ሄዷል። ሰኞ ልምምድ ሊገቡ ነው መሰለኝ፣ ተጣድፈው ነበር።»

ሰኞ። ማዋለጃ ክፍል ሊገቡ። ሳያት ከሱቁ ወጥታ አውቶብሶቹን እያየች ቆመች። የትኛው ውስጥ ማን ይዞት እንደተሳፈረ የሚነግራት የለም። የምትሮጥበት አቅጣጫ አልነበራትም።

ቤት ስትደርስ ሽታዬ ሄዳለች። ሳያት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከፈተችና ሠንጠረዡን መጻፍ ጀመረች። ጡት አለመጥባት። ማንዘፍዘፍ። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። የሰውነት ማተኮስ ወይም መቀዝቀዝ። ሰባቱንም ምልክቶች ጽፋ ስትጨርስ ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ያን ጊዜ አለቀሰች።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከአዘጋጆቹ ስም በታች፣ ጋሽ ብርሃኑ ግዴታ ነው ያሉት ቦታ ባዶ ነበር። ስሟን ጻፈችበት። ከስሟ ሥር «በፊተኛው ቅጂ ምዕራፍ ስድስት ላይ አንድ ሠንጠረዥ ጎድሏል። ረስቼው አይደለም፤ አውቄ ነው የዘለልኩት» ብላ ጨመረች። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አጠፋቻት፣ ሁለቴ መልሳ ጻፈቻት። አዲሱን ቅጂ ብትለጥፈውም አሮጌው የደረሰበት ሁሉ እንደማይደርስ ታውቃለች።

ከሳሎን የእናቷ ድምፅ ይሰማል፤ ስልክ ላይ ናት። «ተይ እንጂ ሽታዬ፣ አታልቅሺ። አንቺ ሰነፍ አይደለሽም» ትላለች።

ሳያት ስልኳን እንደያዘች ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እማ፣ እንዳትዘጊው» አለች። «ለሁለታችሁም የምነግራችሁ ነገር አለኝ።»