የሃምሳ አለቃ ባህሩ ቀኝ እጅ

አዋሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሃምሳ አለቃ ባህሩ በጠራራ ፀሐይ ከቤቱ ወራጅ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። መርማሪው መቶ አለቃ ጉልላት ቀና ብሎ አየውና በረጅሙ ተነፈሰ። እረፍት ከወሰደ ዘመን ሆኖታል፤ ራሱን የሰቀለ ሰው ደግሞ ጣጣ የለውም፣ ይፈረምበትና ይቀበራል። እንዲያ ቢሆንለት ደስ ባለው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ አስከሬኑን አስወርዶ ገመዱን አገላብጦ ተመለከተ። ጫፉ ሁለቴ ተጠማዞ ጥብቅ ተደርጎ ተቋጥሯል።

«ራሱን ነው የሰቀለው» አለ ይልማ፣ ሞቱን እንዲያረጋግጥ የተጠራው የጤና ረዳት። «እጁ ደኅና ነው» ብሎ የባህሩን የአካል ጉዳት ጡረታ ያስከለከለውም እሱ ነበር። «ነገ ይግባኙ ሊሰማ፣ ከአዲስ አበባም ሐኪም ሊመጣ ነው። ውሸቱ እንዳይጋለጥበት ፈርቶ ይሆናል።»

«የምን ውሸት?» ጮኸች የሟቹ ሚስት ሽታዬ። «ኦጋዴን ላይ በድን ሆኖ የቀረ እጅ ነው! ራሱን ሰቀለ ካላችሁ ይግባኙም አብሮት ተቀበረ። ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

ጉልላት ደከመውና ዱካ ላይ ተቀመጠ። «እህቴ፣ ሸሚዙን ማን ነበር የሚቆልፍለት?»

«እኔ ነኛ! ዛሬም ቆልፌለት ነው ገበያ የወጣሁት።»

«ጫማውንስ?»

«እኔ አስርለታለሁ» አለ የግንባር ጓደኛው በኃይሉ። «በግራ እጅ መብላት ነውር ሆኖበት፣ ሰው ሲጋብዘው ጾመኛ ነኝ እያለ ይሸሻል። ቀኝ እጁንም ከኮቱ ኪስ አያወጣም።»

«ጓድ ይልማ፣ አንተ ስትመረምረው እጁ እንዴት ነበር?»

«ጣቶቹ ይታዘዛሉ፣ ይጨብጣሉ።»

ጉልላት የሟቹን እጅጌ ሰበሰበ። ክንዱ የደረቀ ጭራሮ ይመስላል፤ ጣቶቹ ከመዳፉ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ይህ ቋጠሮ ሁለት እጅ ይፈልጋል» አለ ጉልላት ቀስ ብሎ። «ስለዚህ ባህሩን ሌላ ሰው ሰቅሎታል። የሰቀለውም እጁ ጨርሶ እንደማይሠራ ያላወቀ ሰው ነው። ሽታዬ ታውቃለች፤ በየጠዋቱ ትቆልፍለታለች። በኃይሉም ያውቃል፤ ጫማውን ያስርለታል። ነገ ሐኪሙ ያንን እጅ እንዳያየው የሚፈልግስ ማነው? አንተ ነህ፣ ይልማ። ሁለቴ ጠምዝዞ መቋጠርም ቁስል የሚሰፋ ሰው ልማድ ነው። አንድ ቀን እጁን ነክተህ አይተኸው ቢሆን ኖሮ፣ በገመድ አትሰቅለውም ነበር።»

ይልማ ግድግዳውን ተደገፈ። «የቁስለኛው ሰልፍ ረጅም ነበር... ሳላየው ፈረምኩ። ቢታወቅ አሻጥረኛ ብለው ግንባር ይልኩኛል። ይግባኙን ተው ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለኝ። አነቅሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሽታዬ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች።

«እንግዲህ እጁ እንደማይሠራ አመናችሁ?»

«አመንን፣ እህቴ። ነገ ይግባኙ ላይ ቀርቤ ራሴ እመሰክራለሁ።»

«ጠዋት ስቆልፍለት 'ነገ ያምኑኛል' ብሎኝ ነበር።»

ጉልላት ቆቡን አወለቀ። እሷም ጎንበስ ብላ፣ በትግሉ የተፈታውን የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችለት።